በአቃቂ ዋስ ፍለጋ

«ለመሆኑ ወንድ ሳይከተልሽ ማነው ትኬት የሸጠልሽ?» አለኝ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ ጣቢያ ሳይወጣ።

«ሻጩ ወንድ ነው፤ ወርደህ ጠይቀው» አልኩት።

ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ግን አልተቀየመም። ጭኑ ላይ ካስቀመጠው ከረጢት ብርቱካን አውጥቶ ልጦ ሰጠኝና እስከ ኤረር ድረስ ስለ ሴት ልጅ ጨዋነት ሲያስተምረኝ ሄደ። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር። ትምህርቱን በመስኮት ለቀቅኩት።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ባለፈው ዓመት አክስቴ ወርቄ ለለቅሶ ድሬ መጥታ ሳለ፣ አቃቂ ላይ ዘመኑ የሴት ሆኗል ብላ አውርታልን ነበር። የክር ፋብሪካውን የሞላው ሴቱ ነው፤ ደመወዝ ቀን ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ሚስቶቻቸውን ይጠብቃሉ አለች። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሰሟት። እኔ አላመንኩም። ድመትም የጓዳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ታዛዥ ስለሆነች አይደለም። ትምህርት ቤትም አስተማሪያችን «በዛሬ ጊዜ ሴትና ወንድ እኩል ነው» ብሎ ያስተማረን ዕለት፣ ለክፍል አለቃነት እጄን ባወጣ ቀድሞ የሳቀው ራሱ ነው።

ቢሆንም መሄድ ፈለግሁ። ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ሻሽ እየለካሁ መዋል አንገፍግፎኛል። ከእናቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ አክስቴ በምትሠራበት ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገብቼ ማሽን ላይ ከቆምኩ እዚያው እኖራለሁ። ካልሆነልኝ ተመልሼ ሻሼን እለካለሁ፣ ሁለተኛም ልሂድ ብዬ አልጨቀጭቃትም።

ሚኤሶን እንዳለፍን ግመል ሐዲዱ ላይ ገባና ባቡሩ ገጨው። ባለግመሎቹ መጡ፣ ክርክሩ ተጀመረ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ከግራር ሥር ተቀመጠ። እኔን ብርቱካን ያበላኝ ሰውዬ ሽማግሌ ሆኖ ገባ። ሲመሽ አዋሽ ደረስንና እስከ ነገ አትሄዱም ተባልን።

ጣቢያው አጠገብ እትዬ ዘውዴ የምትባል ሴት አልጋ ታከራያለች። ክፍሎቿ ሞልተው ስለነበር የራሷን አልጋ ለቃልኝ እሷ መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። እንቁላል ቀቅላ አበላችኝ። አዋሽ እንደ ድሬ ሙቀት ነው፤ ልዩነቱ እኛ አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛለን፣ እሷ ግን በሯን በሁለት መወርወሪያ ትዘጋለች። ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የወንድ ባርኔጣና ካፖርት ተሰቅሏል። ባለቤትሽ የት ሄዶ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ባለቤት የለኝም» አለችኝ። «ባርኔጣው ግን አለ። አልጋ ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።»

ቤቱ የሷ፣ ሥራው የሷ፣ የሚከበረው ግን ምስማር ላይ ያለው ጨርቅ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ወጣን። ናዝሬት ላይ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ሞጆ ላይ ዝናብ ያዘን፣ አቃቂ ስንደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ክረምት ነው። የአቃቂ መሬት መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ጭቃ። ከጣቢያው ወጥቼ ጥቂት እንደተራመድኩ የግራ ጫማዬን ዋጠው። የድሬ አሸዋ ቢያንስ ጫማ ይመልሳል።

ጫማዬን ጎንበስ ብሎ ያወጣልኝ ጋሽ ታደሰ ነው፣ የአክስቴ ባል። ጃንጥላ ይዞ ሲጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ፣ እሱ እየራሰ ሄደ። ቤት ስንደርስ ለእግሬ ሙቅ ውሃ አቀረበ። ድሮ የባቡር ዕቃ ያወርድ ነበር፤ ወገቡ ካስቸገረው ወዲህ ሥራ የለውም። ቤቱን የምታስተዳድረው አክስቴ ናት። እሱ ውሃ ይቀዳል፣ ሽሮ ያማስላል፣ ሰሃን ያጥባል። ውሃውን የሚቀዳው ግን ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰፈሩ ሳይነቃ።

ወንድ ልጅ ያለ ምክንያት ውሃ አይቀዳም ብዬ ጠረጠርኩ። ልፈትነው ብዬ «አንተ ምን ፈልገህ ነው እንዲህ ደግ የሆንከው?» አልኩት። አክስቴ ቆነጠጠችኝ። እኛ ድሬ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው፤ እዚህ ለትልቅ ሰው አንቱ ካልተባለ ነውር ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ተያት ወርቄ፣ የድሬ ልጅ ናት፣ ምላሷን ፀሐይ አድርቆታል» አለ።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ሳትተኛ፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደሰፈረ ወደ ቅጥር ሹሙ ወሰደችኝ። የፋብሪካው በር ላይ እውነትም ወንዶች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ የሚስቶቻቸውን ምሳ ዕቃ ይቀበላሉ። አክስቴ «አየሽ?» በሚል ዓይን አየችኝ። አየሁ።

ቅጥር ሹሙ ኮቱ የተተኮሰ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። ጣቶቼን አገላብጦ አየ። የተበጠሰ ክር ሰጥቶ ቀጥይ አለኝ፤ ቀጠልኩ። ጥሩ እጅ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ፈትል ክፍል ትገቢያለሽ አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ዋስሽስ ማነው አለ።

«እኔ አለሁ» አለች አክስቴ።

ፈገግ አለ። «ወርቄ፣ አንቺ ራስሽ ባልሽ ዋስ ሆኖሽ ነው የገባሽው። በሰው ዋስ የቆመ ሰው እንዴት ለሌላ ዋስ ይሆናል?»

ነገሩ ሒሳብ ይመስላል። አክስቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ሴት ዋስ አትሆንም የሚለው የት ነው የተጻፈው፣ አሳየኝ አልኩት። አንተ ብዬ አሳየኝ ማለቴን ሲሰማ የክፍሉ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ሹሙ አልተቆጣም። «አልተጻፈም፤ ግን እንደዚያ ነው» አለኝ። የተጻፈ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ የተጻፈ ነገር ይነበባል፣ ይከራከሩበታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነገሩን የሰማችው አዴ ጫልቱ ናት፣ ጎረቤታችን። አዴ ጫልቱ በአቃቂ የሽምብራ ማሳዎች ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የነበሩት ገበሬዎች ዘር ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ላሞቿን እያለበች ለሰፈሩ ወተት ትሸጣለች። የቆርቆሮ ቤት አላት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዋስ እሆንሻለሁ፤ ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አለችኝ። እርጎ በቅል ሰጠችኝ። ድሬ የግመል ወተት ነው የለመድኩት፤ የሷ እርጎ እንደ ቅቤ ጉሮሮ ያለሰልሳል።

ሐሙስ ጠዋት ካባዋን ለብሳ አብራኝ ሄደች። ሹሙ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት፣ አንቱ አላት፣ ስለ ላሞቿ ጠየቃት። ከዚያ ወንድ ልጅ የለዎትም ወይ አለ።

«ወንድ ከፈለጋችሁ በሬ አለኝ» አለች አዴ ጫልቱ።

ሹሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ አይሆንም አለ። ስትወጣ በር ድረስ ሸኛት። አዴ ጫልቱ በመንገድ ላይ «ሲያከብሩሽ ነው መጠርጠር» አለችኝ።

የቀረው ጋሽ ታደሰ ነበር። ስንነግረው ደነገጠ። «እኔ? ቢሮ?» አለ። ከወገቡ መታመም ወዲህ ሰው ፊት መቆም ይፈራል። አክስቴ ለመነችው። ኮቱን ተኮሰችለት፣ ጫማውን ጠረገችለት፣ አንገትጌውን አስተካከለችለት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሄድን።

ሹሙ «ይቀመጡ አቶ ታደሰ» አለ። አክስቴን ለዘመናት የሠራችበት ፋብሪካ አንቺ ይላታል፤ ሥራ የሌለው ባሏን እርስዎ። እሱ ተቀመጠ፣ እኛ ቆምን። ሹሙ ንብረት አለዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ቤት አለኝ አለ።

«በማን ስም ነው?»

ጋሽ ታደሰ አክስቴን አየ። አክስቴ መስኮቱን አየች። ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ በሩ ሁሉ ከሷ ፈትል የወጣ ነው፤ ቦታው ሲመራ ግን የአባወራውን ስም ንገሩን ተብሎ ነው። «በእኔ ስም» አለ ጋሽ ታደሰ። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመልኝ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰኞ ማሽን ላይ ልቆም ነው። ነገር ግን ስንመለስ አንድ ነገር አየሁ። ስንሄድ ጋሽ ታደሰ ከአክስቴ ጎን ለጎን፣ ጭቃውን እየመረጠላት ነበር የሄደው። ስንመለስ ከፊት ከፊት ሄደ። አንዴም ዞር አላለም። ቤት እንደገባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። አክስቴ ጫማውን አወለቀችለት። እኔ ያየሁትን እሷ ያየች አልመሰለኝም።

ዓርብ ስነሳ እንስራው ባዶ ነው። ጋሽ ታደሰ ተነስቷል፤ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ እግዜር ይመስገን እያለ ይቀበላል። አክስቴ ከሌሊት ፈረቃ ገባች፣ እንስራውን አየች፣ ብድግ አደረገችው። ነጠቅኋትና ቦኖ ወረድኩ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ወሬውን ሰምተዋል። ዋስ አገኘሽ አሉ፣ ተባረኪ፣ የራስሽ ሰው በመሆኑ ዕድለኛ ነሽ አሉኝ። አንዷ የእኔ ዋስ ካቦው ነበር አለች። ካቦው ምን አደረገሽ ብዬ ጠየቅኋት። ሴቶቹ ሁሉ ባልዲያቸውን ማየት ጀመሩ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ብቻዬን እስከ ወንዙ ድልድይ ሄድኩ። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። የአቃቂ ወንዝ ግን ቀስ ብሎ፣ ሞልቶ፣ ጭቃ እንደመሰለ ነው የሚሄደው። ሐዲዱ ዳር ቆሜ ፉርጎ ሲጎተት አየሁና ተመለስኩ። ጋሽ ታደሰ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«የት ነበርሽ?»

ድልድዩ ላይ አልኩት።

«ከእንግዲህ ስትወጪ ንገሪኝ። ብትጠፊ፣ አንድ ነገር ብታበላሺ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በዋስትናው የሚያዘውም ይህ ቤት ነው።»

«ቤቱ የአክስቴ ነው» አልኩት።

ወደ ቤቱ ዞሮ አየና «ስሙስ የማን ነው?» አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው። እሱም ገና አሁን ያወቀው ይመስል ነበር። ደግሞም ውሸት አልተናገረም፤ ባጠፋ የሚጠየቀው እውነትም እሱ ነው። የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ጥሩ አድርጌ እጠላው ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ለወንዶቹ ሁሉ «በእኔ ዋስ የምትገባው ልጅ ናት» እያለ አስተዋወቀኝ። ስሜን አልነገራቸውም። ከቅዳሴ መልስ ብርድ እንደሚያንቀጠቅጠኝ አይቶ የራሱን የሱፍ ሹራብ አውልቆ አለበሰኝ፣ ውሰጂው፣ ለአንቺ ነው አለኝ። ሹራቡ ሞቀኝ። ሰው እንዲህ እየሞቀው እንዴት ይጣላል?

ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ በር ላይ ተሰለፍኩ። ስም ጠሪው አዲሶቹን እየጠራ ለየክፍላቸው አደላቸው። የእኔን ሲጠራ «ጽጌ፣ ቢሮ ጽዳት» አለ። ተሳስተሃል፣ ፈትል ክፍል ነኝ አልኩት። መጥረጊያ አስያዘኝና ጥያቄ ካለሽ ሹሙ ዘንድ ሂጂ አለኝ። መጥረጊያውን ይዤ ሄድኩ።

ሹሙ እንደ ወትሮው ትሑት ነው። ዋስሽ ዓርብ መጥተው ነግረውናል አለኝ። ፈትል ክፍል የሌሊት ፈረቃ አለው፤ ወጣት ልጅ በሌሊት መግባት መውጣቷ ኃላፊነቱ ይከብደኛል፣ ቀን በቀን የሆነ ሥራ ስጡልኝ ብለዋል አለ። እኔ የመጣሁት ለማሽኑ ነው አልኩት፤ እጄን አይተህ ጥሩ ነው ብለኸኛል።

«ዋስሽ መጥተው ይንገሩን» አለኝ።

«እንግዲያው ስሜን ሰርዘው። አልሠራም።»

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። «እሱንም ዋስሽ መጥተው ይንገሩን።»

መጥረጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ቤት ስገባ አክስቴ ከፈረቃዋ መጥታ ተኝታለች። ጋሽ ታደሰን ሂድና ፈትል ክፍል ትግባ ብለህ ንገራቸው አልኩት። ለመንኩት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እሱም ለስለስ ብሎ ላንቺው አስቤ ነው አለኝ፤ ሌሊት ለሴት ልጅ አይሆንም፣ ሰው ምን ይላል፣ እናትሽስ ምን ትለኛለች።

አክስቴ ነቅታ ኖሯል። ከአልጋው ላይ ሆና «እኔ ስንት ዓመት ሌሊት ሳድር የሰው ልጅ አልነበርኩም?» አለችው።

«አንቺ ሌላ ነሽ» አላት።

«ምኔ ነው ሌላ?»

ጋቢውን አንስቶ ወጣ። እኔ አክስቴ ተነስታ ትከተለዋለች፣ ፋብሪካ ድረስ ጎትታ ትወስደዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ሳበችና እኔን ማባበል ጀመረች።

«አንድ ዓመት ጥረጊ። እኔ ቀስ ብዬ አለዝበዋለሁ። ውሃ መቅዳቱንም ቢሆን ቀስ ብዬ ነው ያለማመድኩት።»

«ስታለዝቢ አረጀሽ» አልኳት። «በአንድ አውራ ጣት ደግሞ እንደገና ደረቀብሽ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተናገርኩት እውነት ነው፣ ግን ትከሻዋን ሳይ ባልተናገርኩት አልኩ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አዴ ጫልቱ ለመንገድ የተቆላ ሽምብራ አምጥታ አቅፋ ሳመችኝ። ጋሽ ታደሰ ሻንጣዬን ሊሸከም ብድግ አለ፤ እኔው እይዘዋለሁ አልኩት። ያለ እሱ ፈቃድ መሄዴ እንዳስከፋው አይቻለሁ፤ ሊከለክለኝ ግን አልቻለም፣ ወይም አላሰበውም። ሹራቡን አጣጥፌ ወንበሩ ላይ ትቼለታለሁ።

ጣቢያ ድረስ የሸኘችኝ አክስቴ ናት። ባቡሩ ከአዲስ አበባ በኩል ሲያፏጭ ተሰማ።

«ስለ እሱ ለእናትሽ ክፉ አትንገሪያት» አለችኝ። «ክፉ ሰው አይደለም።»

«አይደለም» አልኳት።

«ፋብሪካውንም አታስቢ። መሄድሽን ነገ ሄዶ ይነግርልሻል።»

«ይንገር» አልኳት፣ ጉንጯን ሳምኳትና ተሳፈርኩ።